ባቡሩ ሐረር ያልወጣው ለምንድን ነው? ሐላዋ፣ ደንገጎና የምትለጠጥ ምድር

(ምስል፦ የድሬዳዋ አሮጌ ባቡር ጣቢያ፤ ከበስተጀርባው ተራራው ይታያል።)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን። ዛሬ የምንነሣው ከድሬዳዋ ለገሃር ነው። ከጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን፣ በመጀመሪያ የታሰበው ግን እዚህ እንዲቆም አልነበረም፤ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታቀደው። ሐረር ጥንታዊት የንግድ ከተማ ናት፤ ቡናውም፣ ቆዳውም፣ ነጋዴውም ያለው እዚያ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ሜዳ ቀና ብለው ያንን ተራራ የተመለከቱት ሰዎች ሐዲዱን እዚያ ላይ ማውጣት የሚጠይቀውን ገንዘብ ሲያሰሉ ሐሳባቸውን ለወጡ። ባቡሩ ከግርጌው ቀረ፤ ለባቡሩም ከተማ ተቆረቆረለት፤ ከተማውንም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሉት። ሐረር መውጣት ያቃተው ባቡር ሐረርን ወደ ቆላ አወረዳት ማለት ነው።

እንግዲህ ባቡሩን ያስቆመውን ይህን ተራራ በደንብ ተመልከቱልኝ። ከታች ሆኖ ለሚያየው ሰው ተራራ ይመስላል፤ ነገር ግን በሚኒባስ ተሳፍራችሁ፣ ጥምዝምዙን መንገድ ይዛችሁ፣ ጆሯችሁ ጧ እያለ ደንገጎን ስትወጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማዶው ቁልቁለት የለውም። ተራራ ከወጣን መውረድ አለብን፤ እኛ ግን ወጥተን ወጥተን በሐረማያ በኩል ደጋ ሜዳ ላይ እንሄዳለን። አንድ ጎን ብቻ ያለው ተራራ! እንዲህ የሆነው ይህ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ስለ ሆነ ነው። የሰመጠው እኛ የቆምንበት ሜዳ ነው፤ ደጋው ደግሞ በበኩሉ ከሥሩ ባለው ትኩስ ማንትል፣ ማለትም ከምድር ቅርፊት በታች ባለው ጥልቅ ድንጋይ፣ ተገፍቶ ከፍ ብሏል።

ማስረጃ ለምትፈልጉ፣ በድሬዳዋ ዙሪያ ያለውን የኖራ ድንጋይ ተመልከቱ፤ ለሲሚንቶ የሚፈጨው ማለቴ ነው። ይህ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ነው። ያን ጊዜ እንደ ሰሌን ተዘርግቶ የነበረው ንጣፍ ዛሬ በጠርዙ ላይ ደረጃ በደረጃ ተቆራርጦ፣ አንዱ ቁራጭ ከላይ፣ ሌላው ከመካከል፣ ሌላው ከታች ሆኖ ይገኛል። ደረጃውን የሠራው መሬቱ ሲሰነጠቅና ሲንሸራተት ነው።

አሁን ወደ ሐላዋው እንግባ። ይህን ክፍል ስንት ቀን ስጠብቀው ነበር!

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ሐላዋ።)

ትናንት ሐረር ሸዋ በር አካባቢ አንዲት ሐላዋ ሻጭ እናት ዘንድ ቀርቤ፣ «እናቴ፣ እባክዎ ያልተቆራረጠ አንድ ኪሎ ይስጡኝ» አልኳቸው። «ለሠርግ ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። «አይደለም፣ ለጂኦሎጂ ነው» ብዬ ብመልስላቸው፣ «እሷ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉኝ። ለጊዜው የምታስቸግር ልጅ ናት ብዬ ገንዘቡን ከፍዬ ወጣሁ።

ይኸው ሐላዋ። ላዩ ነፋስ አግኝቶት ደረቅ ብሏል፤ በጥፍሬ ብጫነው ይሰነጠቃል። ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። ለስላሳ ነው አልኩ እንጂ ፈሳሽ ነው አላልኩም፤ ይህን ቃል ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን። ትሪውን ባዘነብለው አይፈስም። ሆኖም ከሐረር ስንነሣ አራት ማዕዘን የነበረው ይህ ሐላዋ በሹፌሩ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ድሬዳዋ ሲደርስ ጠርዞቹ ክብ ብለው፣ ሆዱ ተንሰራፍቶ ነበር። ማንም አልቀረጸውም፤ ጠጣር እንደ ሆነ ቀስ እያለ ፈሰሰ። ከእግራችን በታች ያለው ማንትልም ጠጣር ድንጋይ ሆኖ ሳለ በዓመት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ይፈስሳል። የደረቀው ላዩ ደግሞ እኛ የተቀመጥንበት ፕሌት፣ ማለትም የምድር ጠንካራ የላይ ንጣፍ ቁራጭ ነው።

አሁን በሁለት እጄ ግራና ቀኙን ይዤ ቀስ እያልኩ እስባለሁ። ቀስ እያልኩ። መካከሉን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ይሳሳል። ከዚያ የደረቀው ላዩ ወደምስብበት አቅጣጫ ሳይሆን እሱን አቋርጦ ይሰነጠቃል። ከዚያም በስንጥቆቹ መካከል ያለው ቁራጭ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ግራና ቀኙ ግን ከፍ እንዳሉ ይቀራሉ። ይኸው ስምጥ ሸለቆ! ይህቺ በቀኝ በኩል የቀረችው ጠርዝ ደንገጎ ናት፤ እዚህ ታች፣ ከሥሯ፣ ለገሃር አለ። ከላይ ደግሞ ሐረር። በግራ በኩል ያለው ሌላው ጠርዝ የአንኮበር ገደል ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። በችኮላ ብስበው ኖሮ ግን ሐላዋው ሳይለጠጥ ይበጠስ ነበር፤ ያው ድንጋይ ቀስ ሲሉት የሚለጠጥ፣ ሲቸኩሉበት የሚሰበር ነገር ነው። ምሳሌዬ አንድ ጉድለት እንዳለበት አምናለሁ፤ ከሐላዋ ሥር ምንም ነገር ፈልቶ አይወጣም፣ ከስምጥ ሸለቆ ሥር ግን ይወጣል።

ዋናውን ሳይንስ ከትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ስለምታውቁት በፍጥነት አልፈዋለሁ። ፕሌቶች ይራራቃሉ፣ ይጋጫሉ ወይም ጎን ለጎን ይተሻሻሉ። እኛ ዘንድ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ፕሌቶች አፋር ላይ ተገናኝተው ሦስቱም እርስ በርስ ይራራቃሉ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው ድንጋይ በሰበቃ ተያይዞ ሲወጠር ይቆይና ሲያመልጥ ምድር ትናወጣለች። ፕሌቱ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ትኩስ ድንጋይ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚጫነው ክብደት ስለሚቀንስም ሙቀት ሳይጨመርበት ይቀልጣል፤ ቅልጡም መውጫ ካገኘ እሳተ ገሞራ ይሆናል። አለቀ። ያላረካችሁ መልሳችሁ አዳምጡት።

ፍጥነቱን ግን ልንገራችሁ፤ የሚጣፍጠው እሱ ነው። የኑቢያና የሶማሊያ ፕሌቶች በዋናው ስምጥ ሸለቆ ላይ የሚራራቁት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥፍራችሁ ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ የሚያድገውን ያህል ነው። አዲስ አበባ በአንደኛው፣ ሐረር በሌላኛው ፕሌት ላይ ስለሆኑ፣ ባቡሩ ድሬዳዋ ከገባ ወዲህ ሁለቱ ከተሞች ከአንድ ክንድ ጥቂት በለጥ ባለ ርቀት ተራርቀዋል። የአውቶቡስ ታሪፍ የጨመረው ግን በዚህ ምክንያት አይደለም፤ ባለንብረቶቹ ይህን ሰበብ እንዳያገኙት እንጸልይ።

አሁን፣ ባለፈው ዝግጅታችን ጊዜ በብዛት ወደ ደረሰን ጥያቄ እንምጣ፤ «ድሬዳዋ እንዲህ የምትሞቀው ከሥሯ እሳተ ገሞራ ስላለ ነው ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄውን ከልጆች ብቻ ሳይሆን ከትልልቅ ሰዎችም ስለሰማሁት በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም።

መልሱ አይደለም ነው። ከምድር ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት በአማካይ በአንድ ካሬ ሜትር ከአንድ ዋት አንድ ዐሥረኛ አይሞላም። የአንድ ተራ የ60 ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ለመሰብሰብ ከ600 ካሬ ሜትር በላይ ግቢ ያስፈልጋችኋል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ግቢ ያለው ሰው ደግሞ ችግሩ ሙቀት አይደለም። የእኩለ ቀን ፀሐይ ግን በእያንዳንዷ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ ታፈስሳለች። ቀዝቃዛ ውኃ ረጭታችሁ የምትተኙበትን ወለል ያሞቀችው ፀሐይ ናት።

«ታዲያ ሐረርም ፀሐይ አለ፤ ለምን አይሞቅም?» ትሉኛላችሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። አየር በእያንዳንዱ ሺህ ሜትር ከፍታ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ የከፍታው ልዩነት ብቻውን ከአራት ዲግሪ በላይ ልዩነት ያመጣል፤ የቆላው ድርቀት ሲጨመርበት ሌሊት አንሶላ የምትጥሉበት ምክንያት ይገባችኋል። የሚገርመው ግን ጠያቂዎቹ በአንድ ጎኑ ትክክል መሆናቸው ነው። ድሬዳዋ ዝቅ ያለችው መሬቱ ስለሰመጠ ነው፤ መሬቱም የሰመጠው ፕሌቶቹ ስለተለጠጡ ነው። ሙቀቱን ያመጣው ከሥር ያለ እሳት አይደለም፤ እኛን ወደ ሞቃቱ አየር ያወረደን ግን ያው ስንጥቅ ነው።

«የኤረር ፍል ውኃስ?» አዎ፣ ይህም ቀርቧል። የዝናብ ውኃ በስንጥቅ ገብቶ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ይሞቃል፤ ከምድር ወለል አንድ ኪሎ ሜትር በወረዱ ቁጥር የድንጋዩ ሙቀት በተራ ቦታ እንኳ 25 ዲግሪ ያህል ይጨምራልና። ከዚያ በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ፍል ውኃ ብቻውን እሳተ ገሞራ ሊፈነዳ ነው ማለት አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም አለ፤ «ከምድር ቅርፊት ሥር የእሳት ባሕር አለ» የሚል። ያዙልኝ ያልኳችሁን ቃል አሁን አምጡት። ለስላሳ እንጂ ፈሳሽ አይደለም! ቅልጥ አለት የሚገኘው አልፎ አልፎ፣ በጥቂት ጓዳዎች ውስጥ ነው። ቅልጡ ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚያደርግ ግን አፋር አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ላይ ቅልጡ ከሥር ሰርጎ ገብቶ፣ ምድሪቱን በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር አራርቋታል። በዚያ አካባቢ ፕሌቶቹ የሚራራቁት በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ የ400 ዓመት ሒሳብ በጥቂት ሳምንታት ተከፈለ እንደ ማለት ነው። አብዛኛው ቅልጥ ግን ፀሐይ ሳያይ ከምድር በታች ቀርቷል።

በነገራችን ላይ፣ እስካሁን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ምድር እስክትከፈት አትጠብቁ።

ወደ አደጋው ስንመጣ፣ ዛሬ አብዛኛው መለጠጥ የተሰበሰበው በሸለቆው መካከል ነው፤ እንደ ደንገጎ ያሉት ዳር ዳሩን የያዙ ጥንታዊ ስንጥቆች ከእሱ ይልቅ ረጋ ያሉ ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 2024 መጨረሻ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች ዙሪያ ለወራት የዘለቀው መንቀጥቀጥ፣ በየካቲት 2025 መጠኑ 6 የደረሰውን ጨምሮ፣ በዚሁ መካከለኛ መስመር ላይ የተከሠተ ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችንም ከቀያቸው አፈናቅሏል። ዜና ላይ ሁልጊዜ «በሬክተር ስኬል» ይባላል፤ ባለሙያዎቹ ለትልልቆቹ በሌላ መለኪያ መጠቀም ከጀመሩ ቆይተዋል፣ እኔ ግን ከጋዜጠኞቹ ጋር አልጣላም። ማወቅ የሚገባችሁ ከ5 ወደ 6 ሲኬድ ጉልበቱ በ32 እጥፍ ገደማ መጨመሩን ነው። «ዛሬ ሌሊት በስድስት ሰዓት ይመጣል» የሚል የቴሌግራም መልእክት ሲደርሳችሁ ግን ለማንም ሳታስተላልፉ አጥፉት፤ ቀንና ሰዓት ቆርጦ መተንበይ የሚችል ሳይንቲስት በዓለም የለም።

ረጋ ያለ ማለት ግን የሞተ ማለት አይደለም፤ ድሬዳዋም ሁለት ነገር ያሳስባታል። የመጀመሪያው አፈሯ ነው። ከተማዋ ከጠርዙ ወርዶ በተከማቸ ደለል ላይ ያረፈች በመሆኗ፣ ደቻቱን ጨምሮ ወንዞቿ ያመጡት ልል አሸዋ የመንቀጥቀጡን ማዕበል ከጠንካራ ድንጋይ ይልቅ አጉልቶ ያናውጣል። ሐረር በዚህ በኩል ትሻላለች፤ በዙሪያዋ ጥንታዊ ግራናይት አለ። በጁገል ያሉ የቆዩ የድንጋይ ቤቶች ግን ከባድ ግድግዳ ተሸክመዋል፤ በጌ ጋር፣ በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ግድግዳ ላይ የተደረደሩት ሳህኖችና ሰፌዶችም የመጀመሪያዎቹ ወራጆች ይሆናሉ። ምድር ስትናወጥ ወደ በር አትሩጡ፤ ከሳህኖቹ ሥር ራቁ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ። ደንገጎ መንገድ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ መኪናውን ከገደሉ ሥር አታቁሙት፤ ድንጋይ ይንከባለላልና።

ሁለተኛው ግንባታ ነው። ይህን ስታፋ ተመልከቱ።

(ምስል፦ በእጅ የተያዘ የታጠፈ ብረት።)

የኮለኑን ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያቅፈው ይህ ቀጭን ብረት ነው። ጫፉ ቀጥ ባለ ማዕዘን ብቻ ከታጠፈ፣ ኮንክሪቱ ሲላላጥ ይከፈትና ፌሮውን ይለቀዋል። ጫፉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ኮለኑ እምብርት በደንብ ከገባ ግን አይለቅም። ኮለኑና ቢሙ በሚገናኙበት አካባቢ ስታፋዎቹ ጠጋ ጠጋ ማለት አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሱትም እዚያው ላይ ነው። ምድር ቤቱን ለሱቅ ብሎ ግድግዳ አልባ አድርጎ፣ ከላይ አራት ፎቅ ብሎኬት የሚጭን ሰው ደግሞ ሸክሙን ሁሉ በእነዚያ ቀጫጭን ኮለኖች ላይ ጥሎታል። በግሌ የምሰጋው ከፈንታሌ ይልቅ ለእነዚህ ሕንፃዎች ነው። ቤት እያሠራችሁ ከሆነ፣ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት በነበረው ዋዜማ ሄዳችሁ ጫፉን በጣታችሁ ዳስሱት፤ ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም።

ስለ እሳተ ገሞራው ከሆነ፣ ለእኛ የሚቀርበው አደጋ ከቅልጡ ይልቅ አመዱ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ሄዷል። የዚያን ቀን ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ነበር፤ ነፋስ ግን ቃል ኪዳን የለውም። ይህ አመድ እንደ ምድጃ አመድ ልስልስ አይደለም፣ የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው። የሮቶውን ክዳን ዝጉ፣ አፍንጫችሁን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ፣ አመድ የጣለበትን ሣር ለከብት አትስጡ፣ ጣሪያ ላይ ሲከማች ደግሞ ዝናብ ሳይመጣበት ጥረጉት፤ ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል።

ሐላዋውን በተመለከተ፣ የካሜራ ባለሙያችን ስምጥ ሸለቆውን በልቶ ጨርሷል፤ አሁን ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ሁለቱ ጠርዞች ብቻ ናቸው። ደንገጎዋን እኔ እወስዳለሁ።