ቤቱ እዚያው ነው፣ አድራሻው ነው የዞረው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አድራሻና ስለ ሕዝብ ቆጠራ ነው የማወራችሁ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ከሰማችሁ ዝናቡ ነው። እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ክረምት ገብቷል፣ ምን ላድርግ።

ሰሞኑን አክስቴ መጥታ ሰነበተች። ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው የምትኖረው። ለአንድ ጉዳይ ማስረጃ አምጪ ተብላ፣ ያላትን ወረቀት ሁሉ በጨርቅ ቋጥራ፣ ጨርቁን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጣች። «አንብብልኝ፣ የትኛው እንደሚሆን አላውቅም» አለችኝ። ምንጣፉ ላይ ዘረገፍነው። ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ጎተራው አጠገብ ተሰቅሎ ነው የኖረው።

ከታች ያለው የአያቴ የግብር ደረሰኝ ነው። «ጎንደር ክፍለ ሀገር» ይላል፣ ቀጥሎ አውራጃው፣ ቀጥሎ ወረዳው። ከላዩ ያለው የአክስቴ የድሮ መታወቂያ ደግሞ «ሰሜን ጎንደር ዞን፣ ጎንደር ዙሪያ ወረዳ» ይላል። አዲሱ ላይ «ማዕከላዊ ጎንደር ዞን» ተብሏል።

«አንቺ፣ ስንት ጊዜ ነው ቤት የቀየርሽው?» አልኳት ለቀልድ።

«ቤቱማ እዚያው ነው ልጄ። እነሱ ናቸው የሚዞሩት» አለች።

እውነቷን ነው። ክፍለ ሀገርና አውራጃ ከደርግ ጋር ሄዱ። ከዚያ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ መጣ። ያ ትልቁ ሰሜን ጎንደር ዞን ደግሞ 2010 አካባቢ ለሦስት ተከፈለ። ሰሜኑ ደባርቅን፣ ምዕራቡ ገንዳ ውኃን፣ ማዕከላዊው ጎንደርን መቀመጫ አደረጉ።

አክስቴ ግን ዞን ብትሏት ምንም አይመጣላትም። ወረዳን ታውቃለች፤ ወረዳ ማለት ማክሰኝት ነው፣ ማዳበሪያና ፍርድ ቤት ያለበት። «ወረዳ ውዬ መጣሁ» ካለች ቀኑ ተበላሽቷል ማለት ነው። ቀበሌ የሚለውን ቃል ደግሞ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። ለሷ እስካሁን «ገበሬ ማህበር» ነው። 1967 ላይ የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ፣ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማህበር እንዲቋቋም ተደንግጎ ነበር። ማህተሙ ስንት ጊዜ ተቀየረ፤ አፏ ላይ የቀረው ግን ያ ነው። ከሱ በታች ያለውን፣ ጎጡን፣ ማንም አልነካባትም። እድሩም፣ የጽዋ ማህበሩም፣ ጠላውም በጎጥ ነው።

በነገራችን ላይ «ጎንደር ዙሪያ» የሚለው ስም ያስቀኛል። የእኛ ዙሪያ ናቸው እንደማለት። ሽንብራውም ጤፉም ከነሱ እየመጣ፣ ማን የማን ዙሪያ እንደሆነ እንጃ።

ወደ ሕዝብ ቁጥሩ ልምጣ፣ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት እሱን ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ ሰሜን ጎንደር ዞን 2,929,628 ሰው ነበረው። ጎንደር ከተማ 207,044። ከዞኑ ሕዝብ ከመቶ 84ቱ ገጠሬ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ይላል። ለ2010 ታቅዶ ተራዘመ፣ 2011 ላይም ተራዘመ፣ ከዚያ ኮሮናው፣ ጦርነቱ። ስለዚህ ዛሬ ቢሮ ውስጥ የምታዩት የሕዝብ ብዛት ሁሉ ከ1999 ተነስቶ በስሌት የተገመተ ነው።

አሁን አስቡት። የተቆጠረው ዞን በዚያ መልኩ የለም። ወረዳዎቹን ደምሮ አዲሱን ዞን ማግኘት ይቻላል፣ እሺ። ግን ወረዳውም ሲከፈልስ? ደምቢያን ውሰዱ፣ ዛሬ ምሥራቅና ምዕራብ ሆኗል። እንግዲህ ቀበሌ በቀበሌ ወርዶ እንደገና መደመር ነው። ቀበሌው ራሱ ከተከፈለ ደግሞ... ተዉት።

ይኼ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። አንድ የገጠር ቀበሌ አንድ ጤና ኬላና ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይኑሩት የሚለው አሠራር፣ ቀበሌውን 5,000 ሰው ገደማ አድርጎ ነው የሚያስበው። ሰዉ ቢበዛም እነዚያ ሁለት ሴቶች ሁለት ናቸው። ጭቃውን በእግር የሚዞሩት እነሱ ናቸው።

የ1999ኙን ቆጠራ አስታውሰዋለሁ። ልጅ ነበርኩ፣ አያቴ ዘንድ። ቆጣሪው መምህር ነበር፣ በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፈ። አያቴ ጠመኔውን አየችና ፊቷ ጠቆረ። ሰው መቆጠር አትወድም ነበር። ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ ቸነፈር መጣ ብላ ከቤተ ክርስቲያን የሰማችውን ታወራለች። ልጆችሽ ስንት ናቸው ሲሏት እንኳ «እግዜር የሰጠኝ» ነበር መልሷ።

መምህሩ ታግሶ አንድ በአንድ ጠየቀ። በመጨረሻ ከጓዳ ሕፃን አለቀሰ። የአክስቴ ልጅ ነው፣ ገና 40 ቀኑ አልሞላም።

«ይኼስ?»

«እሱ ክርስትና አልተነሳም፣ ስም የለውም» አለች አያቴ፣ በሩን እንደመዝጋት ብላ።

መምህሩ ትንሽ ቆመ። ጻፈው ይሆን? ስም የሌለውም ሰው ይቆጠራል፣ መጻፍ ነበረበት። እኔ ግን እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ አላየሁም።

ወረቀቱን እያጠፍን ይህን ለአክስቴ አነሳሁባት። ሳቀች። «ያው በኋላ መታወቂያ አውጥቷል» አለች። ልጁ አሁን ጎረምሳ ነው። ሰሊጥ ሊያርም መተማ ወርዷል፣ እንደ ብዙዎቹ የቀበሌዋ ልጆች። መቼ እንደሚመለስ አልነገራትም፣ ወይም እዚያው ይቀራል።

«እንበልና አሁን ቢቆጥሩስ፣» አለችኝ ፌስታሉን እየቋጠረች፣ «የት ነው የሚጽፉት? እኔ ቤት ነው ወይስ መተማ?»

ልመልስላት ስል ስልኳ ጠራ። እሱ ነበር። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «እማ፣ ዘነበላችሁ?» ይላል። የማስረጃውን ነገር ትተን ስለ ዝናብ ማውራት ጀመርን።