አሲክሎቪር ውጤት አይጠብቅም

ክቡራን ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ምች ሲመታን ከንፈራችን ላይ የሚፈነዳው ቫይረስ፣ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ 1፣ ምንም በሽታ የሌለበትን ጎልማሳ አንጎል ሊያጠቃ ይችላል። ኤችአይቪ ወይም ካንሰር የግድ መኖር የለበትም፤ በዚህ የአንጎል ብግነት የሚያዙት አብዛኞቹ የመከላከል አቅማቸው ደህና የሆነ ሰዎች ናቸው።

ታማሚውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ሰንብቷል። ከዚያ ወንድሙን በሌላ ስም ይጠራል፤ የሌለ ሽታ ይሸተዋል፤ ያለ ጠባዩ ይቆጣል። ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ «ወጣት ነው፣ ጤነኛ ነበር» ይባልና ወደ አእምሮ ሕክምና ይላካል። ሲያንቀጠቅጠው ሲቲ ስካን ይነሣል። ሲቲው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንጹሕ ሊሆን እንደሚችል እያወቅን እፎይ እንላለን። ቫይረሱ ግን በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል፣ ትውስታ የሚቀመጥበትን፣ እየበላ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ከጀርባ የሚቀዳው ፈሳሽ ውጤት እስኪመጣ ቫይረሱን የሚገታው መድኃኒት፣ አሲክሎቪር፣ ለምን ይቆያል? ካልታከሙ ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ይሞታሉ! ትኩሳት ያለበት ሰው ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ጀምሩ! ውጤቱ በኋላ ይድረስ። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ፒሲአር፣ በፈሳሹ ውስጥ የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ፣ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ጥርጣሬው ካልጠፋ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ፈሳሹ እንደገና ይቀዳ፤ እስከዚያ መድኃኒቱ አይቋረጥ።

መጠኑ በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ በደም ሥር፣ በየ8 ሰዓቱ፣ ከ14 እስከ 21 ቀን ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 600 ሚሊግራሙ በ100 ሚሊሊትር ኖርማል ሳላይን ተበርዞ በአንድ ሰዓት ይንጠብጠብ። ተቻኩሎ ከተሰጠ ኩላሊት ውስጥ ክሪስታል ሠርቶ ቱቦዎቹን ይደፍናል፤ ስለዚህ በቂ ፈሳሽ ይሰጠው፣ የኩላሊቱን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒን በደሙ ይለካ፣ ኩላሊቱ ከደከመ መጠኑ ይስተካከል። ነርሶቻችን፣ መርፌው የገባበትን ቦታ አደራ፤ መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውን ያቆስላል። የሚዋጠው እንክብል ምትክ አይሆንም፤ ወደ ደም የሚገባው ቢበዛ አምስተኛው እጅ ነው።

ይህ ቫይረስ የሚያጠቃው አንጎልን ብቻ አይደለምና ጉበትንም አትርሱ። ወሯ የገፋ ነፍሰ ጡር አተኩሷት የጉበት ኢንዛይሟ በሺዎች ከወጣ፣ ዓይኗ ቢጫ ባይሆንም፣ ቆዳዋ ላይ ቁስል ባይኖርም ሄርፒስን አስቡ።

የምጠይቀው ይህን ነው፦ አሲክሎቪር ድንገተኛ ክፍል ቁምሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያውንም መጠን ተረኛው ሐኪም የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ይዘዝ።

አመሰግናለሁ።