ከኢንዛይሙ በፊት፦ መድኃኒት ወደ ጉበት ህዋስ የሚገባበት መንገድ

የተከበራችሁ የፋርማሲ፣ የሕክምናና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣

ሁለት መድኃኒቶች አብረው ይሰጡ እንደሆነ ስንጠየቅ ቀድሞ ትዝ የሚለን ኢንዛይም ነው። የትኛው ሳይቶክሮም (መድኃኒት የሚለውጥ የጉበት ኢንዛይም) ይሰባብራቸዋል? የትኛውስ ያግደዋል? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ተራቸው ግን ሁለተኛ ነው። ኢንዛይሙ ያለው ህዋሱ ውስጥ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ እዚያ ካልገባ የኢንዛይሙ ጉልበት ምንም አይፈይድም።

በጉበት ውስጥ ደም የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ሥሮች ግድግዳቸው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። አልቡሚን የተባለው ትልቅ የደም ፕሮቲን ሳይቀር አልፎ ከጉበት ህዋስ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚያስቆመው የሥሩ ግድግዳ ሳይሆን የህዋሱ የራሱ የቅባት ሽፋን ነው። ትናንሽና ቅባት ወዳድ ሞለኪውሎች ሽፋኑን ያለ ረዳት ያልፉታል። ኤሌክትሪካዊ ሙል ያላቸውና ውሃ የሚወዱት ግን አጓጓዥ ፕሮቲን ይሻሉ።

በደም በኩል ባለው የህዋሱ ገጽ ላይ ኦኤቲፒ1ቢ1 እና ኦኤቲፒ1ቢ3 የተባሉ አጓጓዦች ይገኛሉ፤ በአብዛኛው አሉታዊ ሙል ያላቸውን ትልልቅ ሞለኪውሎች ያስገባሉ። ኦሲቲ1 አዎንታዊ ሙል ያላቸውን ይወስዳል። ኤንቲሲፒ ደግሞ የሐሞት ጨዎችን ከሶዲየም ጋር ያስገባል፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም የሚገባው በዚሁ ነው። በሐሞት በኩል ያሉት ኤምአርፒ2፣ ቢሲአርፒ፣ ፒ-ግላይኮፕሮቲንና ቢኤስኢፒ ግን የኤቲፒን (የህዋሱን የኃይል ሞለኪውል) ጉልበት እየተጠቀሙ ወደ ውጭ ይገፋሉ። ዛሬ የማተኩረው በመግቢያው ላይ ነው።

ነገሩ በደንብ የሚታየው ኮሌስትሮል በሚቀንሱት መድኃኒቶች፣ በስታቲኖች ነው። ሮዙቫስታቲን በኢንዛይም የሚለወጠው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ ኢንዛይምን ብቻ የሚያይ ባለሙያ ከሌላ መድኃኒት ጋር ብዙም አይጋጭም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የሰውነትን መከላከያ ከሚያዳክመው ሳይክሎስፖሪን ጋር ሲሰጥ ግን በደም ውስጥ የሚታየው ጠቅላላ መጠኑ 7 እጥፍ ገደማ ይደርሳል፤ በአሜሪካው የመድኃኒቱ መመሪያ መሠረት ከሳይክሎስፖሪን ጋር የሚፈቀደው በቀን ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም። ለዚህ ዋናው ምክንያት የጉበት መግቢያው መዘጋቱ ነው። የስታቲን ዒላማ ያለው ጉበት ውስጥ ነው፤ በደም ውስጥ የተጠራቀመው ትርፍ ግን ጡንቻ ያገኘዋል። ስለዚህ በደም ያለው መጠን ብዙ እጥፍ ሲያድግ ኮሌስትሮል የመቀነሱ ውጤት በዚያው ልክ አያድግም፤ የጡንቻ ጉዳት ስጋት ግን ያድጋል።

መግቢያውን የሚያጠብበው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ውርስም ያጠብበዋል። ኤስኤልሲኦ1ቢ1 በተባለው ጂን ላይ አንዲት ፊደል ስትለወጥ፣ ኦኤቲፒ1ቢ1 በ174ኛው ቦታ ላይ በቫሊን ፋንታ አላኒን ይይዝና ሥራው ይዳከማል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ በቀን 80 ሚሊግራም ሲምቫስታቲን ከሚወስዱ ሰዎች መካከል የተለወጠውን ቅጂ ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት በጡንቻ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ምንም ከሌላቸው 17 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው ደግሞ 4.5 እጥፍ ገደማ። ልብ በሉ፣ የሚዋጠው ሲምቫስታቲን ላክቶን (ሙል የሌለው ባለ ቀለበት ቅርጽ) ስለሆነ ያለ ረዳት ይገባል፤ አጓጓዡን የሚሻው በሰውነት ውስጥ የሚፈጠረው የአሲድ ቅርጹ ነው። ስለዚህ «ስታቲን» ብሎ በጅምላ መፍረድ አያዋጣም፤ ፍሉቫስታቲን ለምሳሌ በዚህ ለውጥ የሚነካው በጣም ያነሰ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ሁለት ፊት አለው። አንድ ጊዜ ሲሰጥ ኦኤቲፒዎችን ያግዳል፤ ለቀናት ሲደጋገም ኢንዛይሞችን ያበዛል። ታካሚው ሪፋምፒሲን በየቀኑ እየወሰደ አቶርቫስታቲንን ለብቻው በሌላ ሰዓት ቢውጥ፣ የአቶርቫስታቲን ጠቅላላ መጠን በ80 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በአንድ ሰዓት ከተወሰዱ ግን እገዳውና የኢንዛይሙ መብዛት ይካካሳሉ፤ የአቶርቫስታቲን መመሪያ አብረው ይወሰዱ የሚለው ለዚህ ነው። መድኃኒት ሲጋጭ ሰዓት ማራራቅ የለመድነው ምክር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ይጎዳል።

የስኳር በሽታ መድኃኒቱ የሜትፎርሚን ነገር ደግሞ ከስታቲኖቹ ተቃራኒ ነው። ወደ ጉበት የሚገባው በዋናነት በኦሲቲ1 ሲሆን፣ ከሰውነት የሚወጣው ግን ሳይለወጥ በኩላሊት ነው። ስለዚህ ኦሲቲ1 ቢደክም ጉበት ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል፤ የደም ናሙናው ግን እምብዛም አይለወጥም። ደም ብቻ የለካ ሰው ለውጡን ሳያየው ያልፋል።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንምጣ። የጉበት ህዋሶችን፣ ወይም አንድ አጓጓዥ እንዲያመርቱ የተደረጉ ህዋሶችን አጓጓዡ ከሌላቸው መቆጣጠሪያ ህዋሶች ጋር፣ በ37 ዲግሪ ከመድኃኒቱ ጋር ታገናኛላችሁ፤ ከግማሽ ደቂቃ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ናሙና ትወስዳላችሁ፤ በበረዶ በቀዘቀዘ ፈሳሽ አስቁማችሁ ታጥባላችሁ፤ የገባውን ለህዋሶቹ ፕሮቲን መጠን ታካፍላላችሁ። ጊዜው ከረዘመ ወደ ውጭ የሚገፉት አጓጓዦችና ኢንዛይሞቹ ስለሚገቡበት የምትለኩት መግባትን ብቻ መሆኑ ይቀራል። ያለ ረዳት የሚገባውን ለመለየት ብዙዎች በ4 ዲግሪ ይለካሉ። እኔ አልመክረውም። ቅዝቃዜ ሽፋኑን ራሱን ስለሚያጠጥረው ያለ ረዳት የሚገባውም ይቀንስና የአጓጓዡ ድርሻ ተጋንኖ ይወጣል፤ በ37 ዲግሪ ጠንካራ አጋጅ ጨምሮ መለካት ይሻላል። ሳይክሎስፖሪንን ስትፈትኑ ደግሞ ህዋሶቹን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቀድማችሁ አቆዩበት፤ አለበለዚያ የማገድ አቅሙ ከእውነተኛው አንሶ ይታያል።

በሰው ላይ ሲሆን ኮፕሮፖርፊሪን 1 የተባለ፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር ይረዳል፤ ኦኤቲፒ1ቢ1 እና ኦኤቲፒ1ቢ3 ሲታገዱ በፕላዝማ ውስጥ ይጨምራል። ናሙናው ከብርሃን መጠበቅ አለበት። ቢሊሩቢንም (ከቀይ የደም ህዋሶች መፍረስ የሚመጣው ቢጫ ንጥረ ነገር) የራሱ ምልክት አለው። ኦኤቲፒ1ቢ1 እና ኦኤቲፒ1ቢ3 ሁለቱም በውርስ በጠፉባቸው ሰዎች ላይ ሮተር ሲንድረም የተባለ ሕመም ይታያል፤ የተጣመረው (ጉበት ውሃ ወዳድ ያደረገው) ቢሊሩቢን ወደ ህዋሱ ተመልሶ መግባት ስለማይችል በደም ይቀራል። አዲስ መድኃኒት የጀመረ ታካሚ ቢሊሩቢኑ ከፍ ብሎ ሌሎቹ የጉበት ምርመራዎች ልክ ከሆኑ፣ ጉበቱ ተጎድቷል ከማለታችሁ በፊት የተጣመረውንና ያልተጣመረውን ለይታችሁ አስለኩ፤ መድኃኒቱ እነዚህን አጓጓዦች ያግድ እንደሆነም አረጋግጡ።

አመሰግናለሁ።