ሽፍታ ወይስ ወንበዴ? ሴቶቹ የባሕር ላይ ዘራፊዎች በጸሐፊዎች እጅ

ትዕግሥት፦ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ሴት የባሕር ላይ ወንበዴዎች ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት በሰፊው በተነበቡ ጽሑፎች ውስጥ እንዴት እንደተሣሉ ነው። አብሮኝ ያለው ዳዊት፣ እንደምታስታውሱት፣ አሞራ ገደል ላይ ጀልባ ተሳፍሮ ገና ከዳር ሳይርቅ «መልሱኝ» ያለው ሰው ነው።

ዳዊት፦ ነፋስ ነበረ፤ ይህንንም በየዝግጅቱ ማንሣት የለብሽም። እኔ ስያሜው ላይ ጥያቄ አለኝ፦ ወንበዴ ከምንላቸው ሽፍታ ብንላቸው አይሻልም?

ትዕግሥት፦ አይሻልም። በእኛ አነጋገር ሽፍታ ተበድሎ ዱር የገባ ነው፤ ይፎከርለታል፣ ቀረርቶም ይወጣለታል። ዛሬ በዋናነት የምናነሣቸው አን ቦኒና ሜሪ ሪድ ግን ከወንበዴዎች አለቃ ከጃክ ራክሃም ጋር ሆነው በካሪብያን ባሕር ላይ የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ ሳይቀር ይዘርፉ ነበር።

ዳዊት፦ ታዲያ ሽፍታ ያደረጋቸው ማን ነው?

ትዕግሥት፦ መጽሐፍ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1724 ካፒቴን ቻርልስ ጆንሰን በሚል የብዕር ስም ለንደን ውስጥ የታተመው የወንበዴዎች ታሪክ የሁለቱን ሴቶች ስም በርዕስ ገጹ ላይ አወጣ፤ ገዢ የሚስበው ምን እንደሆነ አሳታሚው ያውቅ ነበር። ልጅነታቸውን፣ ፍቅራቸውን፣ ወንድ መስለው ማደጋቸውን የምናነበው እዚያ ነው። አን ቦኒ ራክሃም ሊሰቀል ሲል «እንደ ወንድ ብትዋጋ ኖሮ እንደ ውሻ ባልተሰቀልህ» አለችው የሚባለውም ከዚያው የመጣ ነው። በ1725 የወጣው የደች ትርጉም ደግሞ ደረታቸው ተገልጦ፣ ሰይፍ ይዘው እንዲሣሉ አደረገ። አንባቢው አንድ ጊዜ ወንድ መስለው ማንም አላወቃቸውም ይባላል፣ ገጹን ሲገልጥ ደግሞ ደረታቸውን ያያል።

ዳዊት፦ ሳቄን ይቅር በይኝ፤ እንዲህ የለበሰ ሰው እንዴት ተሸሸገ?

ትዕግሥት፦ ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ አክስቴ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሐይቁ እየወረደች ከአጥማጆቹ ቆሮሶ ገዝታ ትቸረችር ነበር፤ ስትሄድም የባሏን ካፖርት ትደርብ ነበር። ዛሬ ለቅሶ ቤት በተቀመጥን ቁጥር ዘመዶቻችን «ወንድ መስላ ዐሥር ዓመት ነገደች፣ አንድም ሰው አልነቃባትም» እያሉ ያወራሉ። እናቴን ስጠይቃት ግን «ምን ወንድ መስላ! በርዶአት ነው እንጂ፤ ሁሉም በስሟ ነበር የሚጠራት» አለችኝ።

ዳዊት፦ የዘመዶችሽ ታሪክ ግን ይጥማል።

ትዕግሥት፦ ይጥማል እንጂ፤ ችግሩ እሱ ነው። በኅዳር 1720 ጃማይካ ላይ የተካሄደውንና በማግስቱ ዓመት የታተመውን የችሎት መዝገብ ብታነብ የእናቴን መልስ ታገኛለህ። ሁለት ፈረንሳውያን ምስክሮች ሴቶቹ መርከብ ሲያሳድዱና ሲያጠቁ የወንድ ልብስ፣ በሌላው ጊዜ የሴት ልብስ ይለብሱ እንደነበር ተናገሩ። ስለዚህ ልብሱ የሥራ ልብስ ነበር፣ እንደ አክስቴ ካፖርት። ታንኳዋ ላይ ስንቅ ጭና ስትሄድ የተዘረፈችው ዶሮቲ ቶማስም የወንድ ጃኬትና ረጅም ሱሪ ለብሰው፣ ራሳቸውን በመሐረብ አስረው፣ ቆንጨራና ሽጉጥ ይዘው እንዳየቻቸው መሰከረች። ደግሞም ወንዶቹን እየተሳደቡ፣ ኋላ እንዳትመሰክርባቸው እንዲገድሏት ይወተውቷቸው እንደነበር ተናግራለች። ይህች ነች እንግዲህ ሽፍታህ!

ዳዊት፦ እሺ፣ ወንበዴ ትሁን። ነገር ግን ዶሮቲ ቶማስም ሴቶች መሆናቸውን ያወቅሁት በጡታቸው ነው ብላለች አይደል? ከሥዓሊው በምን ተለየች?

ትዕግሥት፦ እሷ ሽጉጥ ተደግኖባት ያየችውን ለዳኛ ተናገረች፤ ሥዓሊው ሊሸጥ ሣለ።

ዳዊት፦ ይህን በከፊል እቀበላለሁ። ያም ሆኖ ጆንሰን ባይጽፍ ኖሮ መዝገቡን ፈልጎ የሚያነብ አይገኝም ነበር፤ አንቺም እኔም ዛሬ ስለ እነዚህ ሴቶች ባልተነጋገርን።

ትዕግሥት፦ እሱ እውነት ነው፤ ቢሆንም የካፖርቱን ብርድ ደበቀብኝ እላለሁ።

ዳዊት፦ ሦስት መቶ ዓመት ብለን ገና ከ1725 አልወጣንም።

ትዕግሥት፦ እንግዲያውስ ልሩጥ። በ1840ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፋኒ ካምቤል የምትባል የልብ ወለድ ጀግና ወጣች፤ እሷም የወንድ ልብስ ለብሳ መርከብ የያዘችው እጮኛዋን ከእስር ለማስፈታት ነው። ዘመኑ ለሴት ወንበዴ ጨዋ ምክንያት ካልተገኘላት አላነብም ያለ ይመስለኛል። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን የቻይናዋ ነው። ባሏ በ1807 ሲሞት በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦችን ያቀፈ የወንበዴ ኅብረት መራች፤ በ1810 ከመንግሥት ጋር ተደራድራ እጇን ሰጠች፤ በ1844 በሰላም ሞተች። የምትታወቅበት ስም ዠንግ ዪ ሳው ሲሆን ትርጉሙ «የዠንግ ዪ ሚስት» ነው።

ዳዊት፦ ወንድ ብትሆን እኛ አገር የፈረስ ስም ይወጣላት ነበር።

ትዕግሥት፦ ሥራዋ ከሁሉም ይበልጣል፤ በሥዕልና በልብ ወለድ ደጋግመን የምናገኛት ግን አን ቦኒን ነው። ድርድር ለሥዓሊ አይመችም መሰለኝ።

ዳዊት፦ የአየርላንዷ ግሬስ ኦማሊም በ1593 ከንግሥት ኤልሳቤጥ ፊት ቀርባ ተደራድራለች፤ እሷን ለሚቀጥለው ሳምንት እናቆያት። ለመሆኑ ያ ካፖርት አሁን የት ነው?

ትዕግሥት፦ እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ስንት ጊዜ ታጥቦ ዛሬም ዓሣ ዓሣ ይላል።