ሊጠብቀኝ ብሎ ተዘጋ

እንደምን አላችሁ። ዛሬ ያለፈውን ጨዋታ እንቀጥላለን ብያችሁ ነበር፣ ግን ይቆየን። ስለ እቴቴ የድምፅ ቅጂ ነው የማወራው። ኖይዙን እያጸዳሁ፣ አርባ ደቂቃ ያህል ሴቭ ሳላደርግ ስሠራ ቆይቼ፣ የማጸዳበት ፕሮግራም ክራሽ አደረገ። የስታክ በፈር ምናምን የሚል መልእክት አሳየኝና ድርግም።

ፕሮግራሙን ለሠራው ድርጅት ደወልኩ። ያነሳው ልጅ ትሑት ነው። «ፕሮግራሙ የተዘጋው እርስዎን ለመጠበቅ ነው» አለኝ። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ከዚያ ዝግ ብሎ፣ «ለደህንነትዎ ነው» ብሎ ደገመልኝ። ለደህንነቴ! ከማን? እዚያ ፋይል ውስጥ እኮ እኔና እቴቴ ብቻ ነን።

ደግሞ አልዋሸም፤ እሱ ነው የሚከነክነኝ። ፕሮግራሙ ሜሞሪው ላይ አንድ ምልክት ያስቀምጣል፣ ካናሪ ይሉታል። ዳታ ከተመደበለት ቦታ ሞልቶ ሲፈስ ምልክቱን ይደመስሰዋል፤ ፕሮግራሙም ያንን ሲያይ ራሱን ያጠፋል። ዝም ብሎ ቢቀጥል ሰርጎ ገብ የራሱን ትእዛዝ ሊያስፈጽምበት ይችላላ። እ.ኤ.አ. በ1988 የሞሪስ ዎርም፣ በኢንተርኔት ራሱን እያባዛ የተሰራጨው ፕሮግራም፣ በአንድ በኩል የገባው እንዲህ ባለ ቀዳዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የወጣውን ኸርትብሊድ የተባለ ቀዳዳም አስቡት፦ የድረ ገጾችን ግንኙነት የሚያመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ሳይዘጋ፣ ሳይደናቀፍ፣ በአንድ ጥያቄ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ ሜሞሪ ለጠየቀው ሁሉ ሲያቀብል ሁለት ዓመት ቆየ። ያኔ ክራሽ ቢያደርግ ኖሮ ቶሎ ይነቃበት ነበር። ስለዚህ መዘጋቱን አልቃወምም።

ካናሪ የሚለው ስም ግን... ከሰል ቆፋሪዎች ይዘዋት ይወርዱ ከነበረችው ወፍ ነው የመጣው። መርዙ እሷን ቀድሞ ይጥላታል፣ ሰዎቹ ይወጣሉ። እኔ ጋ ወፏ ወደቀች፤ ማን ወጣ?

አውቃለሁ፣ ሜሞሪው ከተበላሸ በኋላ ሴቭ ማድረግ አይታመንም። ከዚያ በፊት ግን በየደቂቃው ማስቀመጥ ይቻል ነበር እኮ። ዳታው ሞልቶ የፈሰሰውም በእነሱ ኮድ ነው። «ስሕተቱ የእኛ ነው፣ መዘጋቱ ደግሞ ከባሰ ነገር አድኖዎታል» ቢለኝ እቀበለው ነበር። ሁለተኛውን ብቻ ነገረኝ። ወይ እሱም የተሰጠውን ነው የሚያነበው... አላውቅም።

ዋናው ቅጂ አለ፣ አትጨነቁ። ትናንት ማታ ሳላጸዳው ሰማሁት። ማራገቢያው ይጮኻል፣ እቴቴ ከሥሩ ስሜን ትጠራለች። አጽድቼው የነበረው ላይ እንዴት ጥርት ብሎ ይሰማ እንደነበር...

እንደገና ልጀምረው ነው። ዛሬ ግን አይደለም። ወይም... እስቲ።