በድንኳን ካርታ፣ በአዳራሽ ቼዝ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላጫውታችሁ ያሰብሁት ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ስለተካፈልሁበት የቼዝ ውድድር ነው፤ ነገሩን ግን ከለቅሶ ቤት እንድጀምር ፍቀዱልኝ።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ ያረፈ ጊዜ፣ በደጃችን በተተከለው ድንኳን ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ካርታ ሲጫወቱ አይቼ እጅግ ተቆጥቼ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስታለቅስ፣ ከድንኳኑ ጥግ «አጭበረበርህ!» የሚል ክርክርና የታፈነ ሳቅ ይሰማ ነበር። እኔም ነገሩን እንደ ንቀት ቆጠርሁት። እነዚያ ሰዎች ካርታውን ባይይዙ ኖሮ ያን ያህል ሌሊት ተቀምጠው ማደር እንደማይችሉ፣ እናቴም ባዶ ድንኳን ታቅፋ ትቀር እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

አሁን የምኖረው ኦክላንድ ነው። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በባርት ባቡር የባሕሩን ወሽመጥ ተሻግሬ፣ ሞንትጎመሪ ጣቢያ ወርጄ፣ ፖስት ጎዳና ቁጥር 57 ወደሚገኘው ሜካኒክስ ኢንስቲትዩት ሄድሁ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1854፣ የወርቅ ፍለጋው ግርግር በበረደበት ዘመን፣ ለእጅ ባለሙያዎች ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት እንዲያቀርብ የተመሠረተ ሲሆን፣ የቼዝ ክለቡ በአሜሪካ ካሉት ሁሉ በዕድሜ የቀደመ ነው። በ1906 የምድር መንቀጥቀጡና ተከትሎት የመጣው እሳት ሕንፃውን ከነመጻሕፍቱ አወደመው፤ ዛሬ የምንጫወትበት ሕንፃ በ1910 የተሠራው ነው። እንደ ጠመዝማዛ ቀንድ ወደ ላይ የሚወጣውን ደረጃውን ሳላይ አሳንሰር ውስጥ አልገባም።

ውድድሩ የአርተር ስታመር መታሰቢያ ይባላል። ስታመር የዚህ ክለብ የመጀመሪያው የቼዝ ዳይሬክተር ነበር፤ ካረፈ በኋላ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በስሙ ውድድር ይካሄዳል። ስለ እርሱ ንግግር የሚያደርግ የለም፤ የሚበራ ሻማም የለም። ዳኛው ስሙን አንድ ጊዜ ጠርቶ የነኩትን ጠጠር የማንቀሳቀስ ደንቡን ያስታውሳል፣ «ሰዓት አስጀምሩ» ይላል፣ በቃ። እኛ ሳልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያልን የምንቆጥር ሰዎች ነን፤ ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ተዝካር የሚያወጣ ሰው ብዙም አይገኝም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስታመርን በዓይኑ ያየ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ከሰዓት የሚጋጠመኝ የአሥር ዓመት ልጅ ግን በስሙ ተመዝግቦ መጥቷል። እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያው ዓመት ይህ ቀዝቃዛ መስሎኝ ነበር።

ሐሳቤን የለወጠው የውድድሩ አሠራር ነው። በስዊስ ሥርዓት የተሸነፈ አይሰናበትም፤ ነጥቡ ከእርሱ ጋር ከተቀራረበው ሰው ጋር እየተጣመረ እስከ መጨረሻው ዙር ይጫወታል። ስለዚህ እሁድ ማታ ሽልማት የማያገኙት ብዙዎቹ ተጫዋቾች አሁንም እዚያው ናቸው፤ አጎንብሰው፣ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ያን ባየሁ ጊዜ የአጎቴ ድንኳን ትዝ አለኝ።

እርግጥ ነው፣ የእኛ ድንኳን ይጮኻል። የጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ሰንጠረዣችንም እንደዚያው ነበር፤ ወረራ በሚባለው መክፈቻው፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ በዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ እየተንጫጫ ምክር ይሰጥ እንደነበር ጽፏል። ፖስት ጎዳና ላይ እንዲህ ያደረገ ወዲያው ከአዳራሹ ይወጣል።

በመጨረሻው ዙር የገጠምሁት ነጭ ጢም ያላቸውን አንድ አዛውንት ነበር። ወታደሮቼ ተቆላልፈው፣ ሰዓቴ እየነጠፈ ሳለ፣ እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ፈረሴን ነካ። የተነካ ጠጠር መንቀሳቀስ አለበትና አንቀሳቀስሁት፤ ከስድስት እርምጃ በኋላም እጄን ሰጠሁ። ተጨባበጥን። አዛውንቱ ግን ሳይነሡ የእርምጃ መመዝገቢያ ወረቀቴን በጣታቸው ጠቆሙና፣ በውድድሩ ስም ቦታ ላይ በፊደላችን የጻፍሁት ምን እንደሚል ጠየቁኝ። «የስታመር መታሰቢያ» ብዬ አነበብሁላቸው። «መታሰቢያ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሞክረው፣ በሦስተኛው ተሳካላቸው። ከዚያ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ እየመለሱ፣ ፈረሴን ወደነካሁበት ቦታ አደረሱን። ፈረሱን ትቼ የዳር ወታደሬን አንዲት እርምጃ ብገፋ ኖሮ አቻ እንወጣ ነበር።