«ለማንኛውም» እያልን የምንጽፈው ሲፕሮ

የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ አባቶችና እናቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

ከመሐል ሜዳም ከሸዋ ሮቢትም ተነሥታችሁ ደብረ ብርሃን ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማነሣው አንዲት ቃል ናት፤ «ለማንኛውም» የምትል። የሽንት ቱቦ ቀይረን፣ ወይም ፊኛ በካሜራ አይተን ታካሚውን ወደ ቤቱ ስንሸኝ «ለማንኛውም ይህችን ይዋጡ» ብለን ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ፣ ማለትም ሲፕሮን፣ እንጽፋለን። እኔም ለዓመታት ጽፌያለሁ።

አንድ የመንዝ አባት ነበሩ። ፕሮስቴታቸው፣ ከፊኛ ሥር ያለው እጢ፣ አብጦ ሽንት ስለከለከላቸው ቱቦ ገብቶላቸው ነበር። በየወሩ ሊያስቀይሩ ሲመጡ ሰው እንዳያይባቸው የሽንት ከረጢቱን በበርኖሳቸው ሥር፣ ከወገባቸው በላይ ያስሩታል። ከረጢቱ ከፊኛ በላይ ሆነ ማለት ነው። አውቶቡስ ላይ በተቀመጡበት ሰዓት ሁሉ ከረጢት ውስጥ የቆየው ሽንት ወደ ፊኛቸው ይመለሳል። በየወሩ ቱቦ ቀየርንላቸው፤ በየወሩ የ7 ቀን ሲፕሮ ሰጠናቸው። ከረጢቱን የት እንደሚያስሩት የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

አንድ ጊዜ ተቀይሮላቸው ከሄዱ በኋላ ማታውን ይንቀጠቀጡ ጀመር። ያደሩበት ቤት ሰው «የደብረ ብርሃን ብርድ ነው» ብሎ ባና ደረበላቸው። ሲነጋ ሲያመጧቸው ይቃዡ ነበር። የካልቸሩ፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ፣ ውጤት ሲደርስ ባክቴሪያው ሲፕሮንም ሴፍትሪያክሶን የተባለውን የመርፌ አንቲባዮቲክም የለመደ፣ በእነርሱ የማይሞት ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ፤ ለመድኃኒቱ ግን የእርሻ በሬያቸው ተሸጠ።

ቱቦ ከወር በላይ የቆየበት ሰው ፊኛ ውስጥ ባክቴሪያ አይጠፋም። ትኩሳት፣ ሕመም፣ መቃዠት እስከሌለ ድረስ ይህ በሽታ አይደለም፤ ሽንቱ ስለደፈረሰ ወይም ስለሸተተ ብቻም አንቲባዮቲክ አይታዘዝም። ባክቴሪያው በቱቦው ግድግዳ ላይ አተላ መስሎ ይለጠፋል፤ መድኃኒቱም በደንብ አይደርስበትም። ደካማው ይሞታል፣ መድኃኒቱን የቻለው ይራባል። ለካልቸር ምርመራ ሽንት ስንወስድም ከአዲሱ ቱቦ እንውሰድ እንጂ ከከረጢቱ አንቅዳ፤ ከረጢቱ የሚነግረን የራሱን ጉድ ነው።

ሁሉም ሥራ አንድ አይደለም። ሽንቱ ንጹሕ ለሆነና ሌላ ሕመም ለሌለበት ሰው ፊኛን በካሜራ ለማየት አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። ለተራ የቱቦ ለውጥም በልማድ አይሰጥም። ቀደም ሲል ከለውጥ በኋላ የታመመ ወይም ሲቀየርለት የደማ ሰው ካለ ግን ይታሰብበታል። ከፕሮስቴት በፊንጢጣ በኩል በመርፌ ናሙና መውሰድ ሌላ ነገር ነው፤ መርፌው የአንጀትን ባክቴሪያ ይዞ ስለሚገባ አስቀድሞ የሚሰጥ መከላከያ አንቲባዮቲክ የግድ ነው፣ ፊንጢጣንም በፖቪዶን አዮዲን ማጠብ ይጠቅማል። የሽንት መንገድ የውስጥ ሽፋን የሚቆረጥበት ሥራ ካለ ደግሞ ሽንቱ አስቀድሞ ይመርመር፣ ባክቴሪያ ከተገኘ ይታከም። መከላከያ ሲያስፈልግም መድኃኒቱ ሥራው ሲጀመር ደም ውስጥ መገኘት አለበት። ብዙውን ጊዜ አንድ ዶዝ ይበቃል። ወደ ቤት ይዘውት የሚሄዱት የ7 ቀን ክኒን ያለፈውን አይመልስም።

ሲፕሮ ራሱም የዋህ መድኃኒት አይደለም፤ በተለይ በሽማግሌዎች ላይ የተረከዝ ጅማት እስከ መበጠስ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። የመድኃኒት ቤት ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ያለ ማዘዣ «ሁለት ፍሬ ሲፕሮ ስጠኝ» የሚላችሁን ሰው እባካችሁ ወደ ምርመራ ላኩት።

ቤተሰብ ሆይ፣ ፊኛው በካሜራ ከታየ በኋላ ሽንት ሲሸኑ አንድ ሁለት ቀን ማቃጠልና ቀላ ማለት ያጋጥማል፤ ውኃ ይጠጡ። ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ ሽንት ከተዘጋ፣ ሽማግሌው ከዘባረቀ ግን ባና አትደርቡ፤ በዚያው ሌሊት አምጡት።

ከረጢቶቹ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሉ። ቱቦ ያለበት ሰው የምታስታምሙ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ከበርኖስ ሥር ሳይታይ፣ ከፊኛ በታች ጭን ላይ እንዴት እንደሚታሰር አሳያችኋለሁ።